የግል ቦይ ከጋራ ቦይ ጋር ሲገናኝ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለሕግ አዋቂዎች ጉባኤ እንጂ ለመሐንዲሶች ስብሰባ የሚስማማ አይመስልም። አንድ ሰው ከመሬቱ ላይ ትርፍ ውሃ የሚያወጣበትን የግል ቦይ ወይም ቱቦ፣ በብዙ ሰዎች ገንዘብ ከተሠራና በሕግ ከተቋቋመ የጋራ ቦይ ጋር ለማገናኘት ሲፈልግ መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ግዴታውስ ምንድን ነው? ርእሴ ይኸው ነው። በአነጋገራችን ውስጥ ትርፍ ውሃን ከእርሻ መሬት ማውጣትን፣ የግብርና ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ «ማጠንፈፍ» እንለዋለን። ለዚሁ ሥራ በሕግ ተከልሎ የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ ቦይና የራሱ መዋጮ ያለውን አካባቢ ደግሞ «የማጠንፈፊያ ቀጠና» ብለን እንጠራዋለን።

ለዚህ ጥያቄ በብዙ ክርክር የተፈተነ መልስ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በተለይም የኢሊኖይ፣ የአዮዋና የሚኒሶታ ግዛቶች ስለ ሆኑ፣ ንግግሬ በአብዛኛው በእነርሱ ሕግና ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው። ወደ አገራችን የምመለሰው በመጨረሻው ክፍል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በዚህ ንግግር ላስረዳ የምፈልገው ዋና ሐሳብ አንድ ነው። የጋራ ቦይ ሀብትነቱ በተቆፈረው አፈር ወይም በተቀበረው ቱቦ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የመሸከም አቅሙ ራሱ የተለካና የተከፋፈለ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ የግል ቦይን ከጋራ ቦይ ጋር ማገናኘት የቱቦ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሀብት ድርሻ መውሰድ ነው። ሕጉ ይህን ድርሻ ይጠብቃል፤ የሚለካው ግን መሐንዲሱ ነው።

ቀጠናዎቹ እንዴት እንደ ተወለዱ

በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የኢሊኖይና የአዮዋ ሜዳዎች ሰፊ ክፍል ረግረግ ነበር። አፈሩ ጥቁርና ለም ቢሆንም፣ መሬቱ ዝቅተኛ ተዳፋትነት ስላለው ውሃው ሄዶ የሚወጣበት መንገድ አልነበረውም። የፌዴራሉ መንግሥት በ1849፣ በ1850ና በ1860 ባወጣቸው ሕጎች በውሃ የተጥለቀለቁ መሬቶችን ለየግዛቶቹ ሰጠ፤ ግዛቶቹም መሬቱን ሸጠው ገንዘቡን ለማጠንፈፊያና ለጎርፍ መከላከያ ሥራ እንዲያውሉት ታሰበ። በሌላ በኩል በ1830ዎቹ በኒውዮርክ ግዛት በጄኔቫ ከተማ አጠገብ ይኖር የነበረው የስኮትላንድ ተወላጅ ገበሬ ጆን ጆንስተን፣ ከትውልድ አገሩ ባስመጣው አርአያ መሠረት የሸክላ ቱቦ በማሳው ውስጥ ቀብሮ ውሃን የማውጣትን ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ተስፋፋ።

ነገር ግን አንድ ገበሬ በማሳው ውስጥ ምንም ያህል ቱቦ ቢቀብር፣ ቱቦው የሚፈስበት መውጫ ከሌለው ልፋቱ ከንቱ ነው። መውጫው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጎረቤቱ መሬት፣ ከዚያም በጎረቤቱ ጎረቤት መሬት በኩል ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው። ለአንድ ሰው ይህን ዋና ቦይ መቆፈር ከአቅሙ በላይ ነበረ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት፣ ሥራው ሊሠራ የሚችለው ሸክሙ ለሁሉም ሲከፋፈል ብቻ ነበረ።

የሸክሙ አከፋፈል ግን የራሱን ችግር አስከተለ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1876 አፕዳይክ ከራይት ጋር በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ለማጠንፈፊያ ሥራ በመሬት ላይ የሚጣለው ልዩ መዋጮ ከግዛቱ ሕገ መንግሥት ጋር አይስማማም ብሎ ወሰነ። ከዚህም የተነሣ ሕገ መንግሥቱ በ1878 ተሻሻለ፤ በ1879ም ቀጠናዎችን ለማቋቋምና መዋጮ ለመጣል የሚያስችሉ ሕጎች ወጡ። እነዚህ ሕጎች በተከታታይ ከተሻሻሉ በኋላ በ1955 በአንድ የማጠንፈፊያ ሕግ ተጠቃለሉ። በአዮዋም ተመሳሳይ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1908 ተደርጎ፣ በዚያ ግዛት ያሉት ቀጠናዎች ከ3,000 በላይ ደርሰዋል።

ከቀጠናው በፊት የነበረው የጎረቤታሞች ሕግ

የማገናኘት ደንቦችን ለመረዳት፣ ቀጠና ባይኖር ኖሮ በላይኛውና በታችኛው መሬት ባለቤቶች መካከል የሚሠራው ሕግ ምን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ሦስት አስተሳሰቦች አሉ።

የመጀመሪያው ከሮማ ሕግ የመጣና በ1804 በወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 640 የተደነገገው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የታችኛው መሬት የሰው እጅ ሳይጨመርበት ከላይ በተፈጥሮ የሚወርደውን ውሃ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ የታችኛው ባለቤት ይህን ውሃ የሚያግድ ግድብ ሊያቆም አይችልም፤ የላይኛውም ባለቤት የታችኛውን ሸክም የሚያከብድ ሥራ ሊሠራ አይገባውም። የ1960ው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ዋና አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ እንደ ነበሩ ስናስታውስ፣ ይህ የሕግ ቤተሰብ ለእኛም ባዕድ አለመሆኑን እንገነዘባለን።

ሁለተኛው አስተሳሰብ ውሃን «የጋራ ጠላት» አድርጎ የሚመለከተው ነው። በዚህ አስተሳሰብ እያንዳንዱ ባለቤት በመሬቱ ላይ የመጣበትን የዝናብ ውሃ እንደ ፈለገ ሊከላከለውና ሊያባርረው ይችላል፤ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ቢሄድም የጎረቤቱ ፈንታ ነው። ሦስተኛው በኒው ሃምፕሻየር ተጀምሮ በሚኒሶታም ተቀባይነት ያገኘው «ተገቢ አጠቃቀም» የሚባለው ነው። በዚህኛው ዳኛው ያደረሰውን ጉዳትና ያስገኘውን ጥቅም አመዛዝኖ፣ ሥራው በተገቢ ጥንቃቄ መሠራቱን መርምሮ ይፈርዳል።

ኢሊኖይ በ1869 ጎርምሊ ከሳንፎርድ ጋር በተከራከሩበት ጉዳይ የመጀመሪያውን አስተሳሰብ መረጠ፤ ሆኖም ለእርሻ እንዲስማማ አድርጎ አሰፋው። የግዛቱ ሕግ እንደሚለው፣ የመሬት ባለቤት በተፈጥሮ የውሃ አካሄድ አቅጣጫ እስከ ሆነ ድረስ መሬቱን በክፍት ቦይ ወይም በተቀበረ ቱቦ ሊያጠነፍፍ ይችላል፤ ሥራው በሙሉ በገዛ መሬቱ ውስጥ ከተሠራም ለሚደርሰው ጉዳት ካሣ አይጠየቅም። ይህ መብት ግን ወሰን አለው። ውሃው በተፈጥሮ ወደዚያ የማይሄድ ከሆነ፣ ማለት ጉብታ ቆርጦ ከሌላ ተፋሰስ አምጥቶ በጎረቤት ላይ መልቀቅ የተከለከለ ነው። እንግዲህ ዳኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃው ሰው ሳይነካው በየት በኩል ይሄድ ነበር?» ብሎ ነው። ይህን ሊመልስ የሚችለው ደግሞ ቀያሹ ከነካርታው ነው።

የቀጠናው አባል መብት

ቀጠና በሚቋቋምበት ጊዜ በሚኒሶታ ሕግ የሚፈጸመው ሥርዓት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። የመሬት ባለቤቶች ማመልከቻ ያቀርባሉ፤ የቀጠናው ባለሥልጣን፣ ማለትም የካውንቲው ምክር ቤት ወይም የተፋሰሱ አስተዳደር፣ መሐንዲስ ይሾማል፤ መሐንዲሱም ቦዩ ሊሠራ የሚችልና የሚጠቅም መሆኑን አጥንቶ ሪፖርት ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ገማቾች ይሾሙና እያንዳንዱ መሬት ከቦዩ የሚያገኘውን ጥቅምና የሚደርስበትን ጉዳት በየይዞታው ይገምታሉ። ባለቤቶቹ ሁሉ ተጠርተው በጉባኤ ይሰማሉ፤ ጥቅሙ ከወጪው የሚበልጥ ሆኖ ከተገኘ ቦዩ እንዲሠራ ይታዘዛል። ወጪው በየሰዉ ላይ የሚደለደለው በመሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን በተገመተው ጥቅም መጠን ነው።

በኢሊኖይ ቀጠናውን የሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች ሲሆኑ፣ የበላይ ተቆጣጣሪያቸው የአካባቢው ፍርድ ቤት ነው። በአዮዋ የካውንቲው ተቆጣጣሪዎች ቦርድ ወይም ባለመሬቶቹ የመረጧቸው ባለአደራዎች ያስተዳድራሉ። የአስተዳደሩ መልክ ቢለያይም ውጤቱ አንድ ነው። ጥቅሙ ተገምቶበት መዋጮውን የከፈለ ባለመሬት በዋናው ቦይ እንደ መውጫ የመጠቀም መብት ያገኛል። የግል ገባር ቦዩን ወይም ቱቦውን ከዋናው ጋር ሊያገናኝ ይችላል፤ የቦዩ መኖር ምክንያትም ይኸው ነው።

ሆኖም ይህ መብት በሁለት ነገሮች የተገደበ ነው። አንደኛ፣ ግንኙነቱ የጋራውን ቦይ የሚጎዳ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ግምቱ በተሠራበት ጊዜ ያልታሰበ ውሃ በገባ ጊዜ የግምቱ መሠረት ይናጋል። አንድ ባለመሬት ቀድሞ በሁለት መስመር ቱቦ ብቻ ያጠነፍፈው የነበረውን ማሳ ዛሬ በየአሥር ሜትሩ ቱቦ ቢቀብርበት፣ ለአንድ ድርሻ ከፍሎ ብዙ ድርሻ መውሰዱ ነው። የሚኒሶታ ሕግ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ጥቅሙን እንደገና ማስገመት ነው። ብዙዎቹ ግምቶች በተሠሩበት ዘመን የነበረው አዝመራና መሬት ዛሬ ተለውጦ ስለሚገኝ፣ ይህ እንደገና መገመት የሚባለው ሥርዓት ለፍትሕ ሲባል የግድ አስፈላጊ ነው።

ከቀጠናው ውጭ ያለ ሰው ሲያገናኝ

አሁን ወደ ጉዳዩ ዋና ነጥብ እንመጣለን። መሬቱ ከቀጠናው ወሰን ውጭ የሆነ፣ ቦዩ ሲሠራ ምንም ያልከፈለ ሰው ቱቦውን ከቀጠናው ቦይ ጋር ቢያገናኝ ሕጉ ምን ይላል?

የኢሊኖይ መልስ አጭርና ብልሃት ያለበት ነው። ከውጭ ሆኖ በሰው ሠራሽ ቦይ ወይም ቱቦ ከቀጠናው ጋር የተገናኘ ባለመሬት፣ በገዛ እጁ ወደ ቀጠናው ለመግባት እንዳመለከተ ይቆጠራል። ማመልከቻ ጽፎ ባይፈርምም ቱቦው ፈርሞለታል ማለት ነው። ስለዚህ መሬቱ ወደ ቀጠናው ተጠቃልሎ፣ ከመጀመሪያው አባል ቢሆን ኖሮ ይከፍል የነበረውን ያህል እንዲከፍል ይደረጋል። በዚህ አሠራር ሕጉ ሰውየውን ወንጀለኛ ሳያደርግ፣ ያለ ዋጋ ተጠቃሚ መሆንንም አልፈቀደለትም።

የሚኒሶታ ሕግ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ፈቃዱ አስቀድሞ እንዲገኝ ያዛል። ለቀጠናው ሥራ ጥቅሙ ያልተገመተበት መሬት፣ የግልም ይሁን የሕዝብ ቦይ፣ የከተማም ጭምር፣ ያለ ባለሥልጣኑ ግልጽ ፈቃድ የቀጠናውን ቦይ መውጫ ሊያደርገው አይችልም። ከዚህ ሕግ ውስጥ ለመሐንዲስ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ አነጋገር አለ። ክልከላው የሚሠራው ቱቦው ከቦዩ ጋር በአካል ተያይዞም ሆነ ሳይያያዝ ነው። ከቦዩ ጥቂት ሜትር ርቆ ውሃውን በሣር ላይ የለቀቀና ሣሩ ወደ ቦዩ እንዲያፈሰው ያደረገ ሰው «እኔ አላገናኘሁም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ሕጉ የሚመለከተው የቱቦውን ጫፍ ሳይሆን የውሃውን መድረሻ ነው።

ፈቃድ ለማግኘት ባለመሬቱ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ባለሥልጣኑም ማስታወቂያ አውጥቶ ባለጉዳዮቹን ይሰማል። በጉባኤው ላይ በግድ መታየት ያለበት የዋናው ቦይ አቅም ነው። ፈቃዱ ከተሰጠ ትእዛዙ የአጠቃቀሙን ሁኔታ ይወስናል፤ «የመውጫ ዋጋ» የተባለውን ክፍያም ይተምናል። ከዚያ በኋላ ያ መሬት ከጥንት ጀምሮ በግምቱ ውስጥ እንደ ነበረ ተቆጥሮ፣ ለሚመጣው ጥገና ሁሉ እንደ ሌሎቹ ያዋጣል። ያለ ፈቃድ የተገናኘ ሲገኝ ደግሞ ባለሥልጣኑ መውጫውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲደፍን ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ባለሥልጣኑ ራሱ አስደፍኖ ወጪውን ከመሬቱ ላይ ያስከፍላል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱን ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከሒሳባችን እናገኘዋለን። በማጠንፈፊያ ሥራ ንድፉ የሚመሠረተው በ24 ሰዓት ውስጥ ከመሬቱ ላይ እንዲወጣ በሚፈለገው የውሃ ውፍረት ላይ ነው። በቀድሞው ዘመን ብዙ የጋራ ቱቦዎች የተሠሩት በቀን አንድ አራተኛ ኢንች ገደማ፣ ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። በዛሬ ጊዜ ገበሬው በማሳው ውስጥ የሚያስቀብረው ቱቦ እስከ ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር በቀን እንዲያወጣ ተደርጎ ሊነደፍ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በሺህ ሜትር አንድ ሜትር ተዳፋት ያለው የጋራ ቱቦ እንውሰድ። በማኒንግ ቀመር፣ የሻካራነቱን ቁጥር 0.013 አድርገን ስናሰላው፣ ሞልቶ ሲፈስ በሰከንድ 30 ሊትር ያህል ይሸከማል። በቀን 6.35 ሚሊ ሜትር ከአንድ ሄክታር በሰከንድ 0.735 ሊትር ስለሚሆን፣ ይህ ቱቦ የሚበቃው ለ40 ሄክታር ነው። እያንዳንዳቸው 10 ሄክታር ያላቸው አራት ባለመሬቶች በዚህ መጠን አስገምተው ከፍለው ቢያሠሩት፣ ቱቦው ከአራቱ ድርሻ የሚተርፍ ቦታ የለውም። አሁን ከወሰኑ ውጭ 20 ሄክታር ያለው አምስተኛ ሰው በቀን 12.7 ሚሊ ሜትር የሚያወጣ ዘመናዊ ቱቦ አስቀብሮ ሌሊት ቢያገናኝ፣ የእርሱ ድርሻ ብቻውን በሰከንድ 29.4 ሊትር ይሆናል። አንድ ሰው፣ ምንም ሳይከፍል፣ አራቱ ያሠሩትን ቱቦ ብቻውን ሊሞላው ይችላል ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው በማን ላይ ነው? በአራቱም ላይ እኩል አይደርስም። ቱቦው ከአቅሙ በላይ ሲሞላ በውስጡ ግፊት ይፈጠራል፤ ውሃውም ደካማ መገጣጠሚያ ባገኘበት፣ ወይም የመሬት ላይ ማስገቢያ ባለበት በዝቅተኛው ማሳ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ሥሩ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ በውሃ ውስጥ የሰነበተ ሰብል ይጎዳል። እንግዲህ የላይኛው ሰው ማሳ ሲደርቅ፣ አዝመራው የሚበሰብስበት ምንም ያላጠፋው የታችኛው ሰው ነው። የከፈለው ግን ይኸው የታችኛው ሰው ነበረ።

አቅሙን በእጥፍ ለማሳደግ የቱቦውን ስፋት ወደ 39 ሳንቲ ሜትር ማድረስ ብቻ ይበቃል፤ አቅም የሚያድገው በስፋቱ ሁለት ነጥብ ስድስት ሰባት ያህል ርቢ ነውና። ስለዚህ አንዳንዱ «አሥር ሳንቲ ሜትር ብትጨምሩ ምን አለበት?» ይላል። ነገር ግን ወጪው በጨመርነው አሥር ሳንቲ ሜትር አይወሰንም፤ መስመሩን በሙሉ እንደገና መቆፈር፣ መንገድና አጥር ማቋረጥ፣ እስከ መውጫው ድረስ መተካት ያስፈልጋል። አስቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሰፊው ቱቦ በጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይቀበር ነበር። የፈቃድ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ጥያቄው ከቁፋሮው በፊት እንዲነሣ ማድረጉ ነው።

ስለ አገናኙ አሠራር

ሕጉ ግንኙነቱ ቦዩን እንዳይጎዳ ሲያዝ፣ መሐንዲሱ ይህን ትእዛዝ ወደ ተግባር መለወጥ አለበት። ክፍት ቦይ ከሆነ የቱቦው አፍ ከቦዩ መደበኛ የውሃ ከፍታ በላይ፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። መጨረሻው ክፍል ጠንካራና ያልተበሳ ቱቦ ይሁን፤ አይጥና ሌላ እንስሳ እንዳይገባ ፍርግርግ ይደረግበት፤ የሚወርደው ውሃ ዳርቻውን እንዳይሸረሽር ድንጋይ ይነጠፍለት።

የተቀበረ ቱቦ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ክፉ ልማድ፣ ዋናውን የሸክላ ቱቦ በመዶሻ ሰብሮ ትንሹን ቱቦ ወደ ውስጥ መሰካትና ዙሪያውን በድንጋይ መጠቅጠቅ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ጫፍ ፍሰቱን ያግዳል፤ በስንጥቁም አፈር ይገባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዋናው ቱቦ በደለል ይደፈናል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መገጣጠሚያ ተጠቅሞ፣ ትንሹን ቱቦ ከዋናው የላይኛ ግማሽ፣ በፍሰቱ አቅጣጫ ዘንበል አድርጎ ማገናኘት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የተገናኘበት ቦታ፣ ከፍታውና የሚያጠነፍፈው ስፋት በካርታ ላይ መመዝገብ አለበት። የተቀበረ ቱቦ ካልተመዘገበ የሚያውቀው የቀበረው ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ሲሞት እውቀቱም አብሮት ይቀበራል።

ውሃው ስለሚሸከመው ነገር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ውሃው መጠን ነው። የቀጠና ሕጎችም ለመቶ ዓመት በላይ የጠየቁት «ስንት ውሃ?» ብለው እንጂ «በውሃው ውስጥ ምን አለ?» ብለው አልነበረም። ይህ ዝምታ ያስከተለውን ችግር በአዮዋ የተነሣው ክርክር ያሳየናል።

የደሞይን ከተማ የመጠጥ ውሃ ድርጅት ውሃ ከሚቀዳባቸው ወንዞች አንዱ የራኩን ወንዝ ነው። በወንዙ ውስጥ ያለው ናይትሬት ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው ወሰን፣ ማለት በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን፣ በየጊዜው ስለሚያልፍ ድርጅቱ ለማጣራት ብዙ ወጪ ያወጣል። በመሆኑም በመጋቢት ወር 2015 በሳክ፣ በካልሁንና በቡዌና ቪስታ ካውንቲዎች የሚገኙ የማጠንፈፊያ ቀጠናዎችን የሚያስተዳድሩትን ቦርዶች በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ናይትሬቱ ከማሳ የሚመጣው በቀጠናዎቹ ቱቦና ቦይ በኩል ስለ ሆነ በ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ መሠረት ቀጠናዎቹ እንደ ፋብሪካ ቱቦ ፈቃድ ሊጠየቁበት ይገባል የሚል ነበር።

የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር ወር 2017 ከፌዴራሉ ፍርድ ቤት ለቀረበለት ጥያቄ ሲመልስ፣ ቀጠናዎች የተቋቋሙት መሬት ለማጠንፈፍ ብቻ ስለ ሆነና ሥልጣናቸው የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ካሣ ሊጠየቁ አይችሉም አለ። የፌዴራሉም ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017፣ ቀጠናዎቹ ችግሩን ለማስወገድ የሚያስችል ሥልጣን ስለሌላቸው ክሱን ዘጋው። ከተማው ወጪውን መሸከሙን ቀጠለ። ፍርዱ በሕግ በኩል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። አንድን ተቋም ለአንድ ዓላማ ብቻ አቋቁመን ሌላውን ሥልጣን ከነፈግነው፣ ችግሩ ሲመጣ ተጠያቂ ሳይኖር ይቀራል።

የምሕንድስናው መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። በቱቦው ላይ የውሃውን ከፍታ የሚቆጣጠር መዝጊያ ማድረግ፣ ውሃው ከመውጣቱ በፊት የእንጨት ፍቅፋቂ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ አልፎ ናይትሬቱ በተሕዋስያን እንዲቀነስ ማድረግ፣ በመውጫው ላይ ሰው ሠራሽ ረግረግ ማዘጋጀት የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ሚኒሶታም በ2015 ባወጣው ሕግ በሕዝብ ማጠንፈፊያ ቦዮች ዳርቻ 16.5 ጫማ፣ ማለት 5 ሜትር ያህል፣ ሁልጊዜ በሣር ወይም በሌላ ቋሚ ተክል እንዲሸፈን አዟል። ሆኖም ይህ ተክል የሚያጣራው በመሬት ላይ የሚወርደውን ውሃ ነው፤ ከሥሩ በቱቦ የሚያልፈው ሳይነካ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ገና ሳይቀላቀል፣ ግንኙነቱ በሚፈቀድበት ጊዜ ስለ ጥራቱ መጠየቅ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ይመስለኛል።

ለእኛ የሚጠቅመን ምንድን ነው?

በአገራችን መሬት በ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፣ በግል ባለርስትነት ላይ የቆመውን የአሜሪካን ሥርዓት እንዳለ ልንገለብጠው አንችልም፤ ልንገለብጠውም አይገባም። ጥያቄው ግን ለእኛም አዲስ አይደለም። የሰሜን ምዕራብ ገበሬ በክረምት በማሳው ላይ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ፣ መድረሻው ከየት ነው? ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ማሳ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ባለማሳ በፈሰስ ምክንያት ሽማግሌ ፊት የሚቆሙት ከላይ ያየነውን የሮማ ሕግ ጥያቄ ይዘው ነው። ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን በሚገመተው የኮትቻ መሬታችን ላይ፣ በ1980ዎቹ ቢቢኤም የተባለው መደብ ማውጫ ከተዋወቀ ወዲህ ውሃን ከማሳ ማውጣት ቀሏል፤ ከማሳው ጫፍ የወጣው ውሃ በየት ይሂድ የሚለው ግን የአንድ ገበሬ ሳይሆን የተፋሰሱ ሁሉ ጥያቄ ነው። በመካከለኛው አዋሽም በአሚባራና በመልካ ሰዲ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ማለትና የአፈር ጨዋማነት፣ መስኖ ያለ ማጠንፈፊያ ምን እንደሚያስከትል አስተምሮናል።

በ2014 የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ተጠቃሚዎች በሕግ ሰውነት ያለው ማኅበር እንዲያቋቁሙ መንገድ ከፍቷል። ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንባቸውን ሲያዘጋጁ የምንረዳቸው መሐንዲሶች፣ ውሃ ስለ ማስገባት የምንጨነቀውን ያህል ውሃ ስለ ማውጣትም እንድናስብ እጠይቃለሁ። በእኔ አስተያየት ደንቡ ሦስት ነገሮችን ሊይዝ ይገባዋል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የጋራ ቦይ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሸከምና ድርሻው ለማን እንደ ተከፋፈለ የሚያሳይ መዝገብ ይኑር። አቅሙ ካልተጻፈ ድርሻው አይታወቅም፤ ድርሻው ካልታወቀም ጉልበተኛው ይወስደዋል።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው አዲስ ቦይ ከማገናኘቱ በፊት የታችኛው ባለማሳ ተጠርቶ ይሰማ። በሒሳብ ወረቀታችን ላይ የማናየውን ነገር፣ ለምሳሌ ውሃው በየትኛው ዓመት እስከ የት እንደ ደረሰ፣ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ስለ ውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ውሃው ጥራትም ይናገር፤ ጥራቱን የሚቆጣጠር አካልና ሥልጣኑም ተለይቶ ይጻፍ። የደሞይን ክርክር ያለ ዳኛ የቀረው ይህ አስቀድሞ ባለመጻፉ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

እኛ መሐንዲሶች አንድ ቱቦ ከሌላው ጋር እንዲገጥም ስንነድፍ፣ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ተዳፋቱና ስለ ጥንካሬው እንጠይቃለን። ወደፊት «አቅሙ የማን ነው? ማንስ ከፈለበት? ሲሞላስ በማን ማሳ ላይ ይወጣል?» የሚሉትን ጥያቄዎች በንድፋችን መጀመሪያ ገጽ ላይ ልንጽፋቸው ይገባል። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በእኛ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ቁጥሩን አጣርተን በጊዜው ያቀረብን እንደሆነ ብዙ ጎረቤታሞች ከፍርድ ቤት ደጅ ይድናሉ።